የቆመ ይቀመጥ፣ የተቀመጠ ይጋደም

ሥራዬ መጮህ ነው። መታወቂያዬ ላይ «የመኪና ማሽከርከር አሰልጣኝ» ይላል እንጂ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አዳማ ውስጥ የበላሁት እንጀራ የጩኸት እንጀራ ነው። ፍሬንና ነዳጅ መስጫ ለይቶ ከማያውቅ ሰው አጠገብ ተቀምጠህ፣ ከፊትህ ጋሪ፣ ከቀኝህ ሦስት ባጃጅ፣ ከግራህ ሙዝ የተሸከመች ሴትዮ እየመጡብህ በለሆሳስ የምታወራ ከሆነ መምህር አይደለህም፣ ሟች ነህ። ስለዚህ እጮኻለሁ። ችግሩ ከመኪናው ስወርድ ጩኸቱም አብሮኝ መውረዱ ነው። ቤት ገብቼ ባለቤቴን «ጨው አቀብዪኝ» ስላት ጎረቤት ይሰማል። ልጄ ትንሽ ሆና ሳለች «አባዬ፣ እኔ እኮ አልነዳሁም!» ትለኝ ነበር። ያኔ ያስቀኝ ነበር።

አምና ከፋሲካ በኋላ፣ ለዚህችው ልጄ ሽማግሌ የሚላክበት እሑድ ደረሰ። ቀጠሮው ለአራት ሰዓት ነው። እኔም አባት ነኝና የግቢውን በር በገዛ እጄ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። ሦስት ሰዓት ላይ ሸሚዜን እየቆለፍኩ ሳለ ከውጭ «ጓ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ አንድ ሰማያዊ ቮልስ በቂጡ በሬን ደግፎ ቆሟል። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።

«አንተ!» አልኩት ነጂውን። «መንጃ ፈቃዱን ከየትኛው ሱቅ ነው የገዛኸው? ፍሬን የት እንዳለ ሳታውቅ ነው እንዴ እንዲህ የሸበትከው?»

ሰውየው ቀስ ብለው ወረዱ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ ከዘራ ይዘዋል። ከኋላ ወንበር ደግሞ ሁለት ሽማግሌዎች ተራ በተራ ወጡ። «ልጄ፣» አሉ ሰውየው በሩን በጣታቸው ነካ አድርገው ጣታቸውን እያዩ፣ «ልጅህን ለልጃችን ልንጠይቅ ነበር የመጣነው።» የሙሽራው አያት ነበሩ። ቀና ስል ልጄ መስኮቱ ላይ ቆማለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጋብቻው እንኳ አልፈረሰም፤ ሽማግሌዎቹን የባለቤቴ ወንድም ተቀብሎ ጉዳዩን ጨረሰ፣ እኔ መኝታ ቤት ተዘግቶብኝ ዋልኩ። ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። ልጄ ግን ወደ ባቱ፣ ወደ ሥራዋ ከመመለሷ በፊት ፊት ለፊቴ ቆማ እንዲህ አለችኝ፦ «አባዬ፣ ሰርጌ ላይ ብትገኝ ደስ ይለኛል። ድምፅህን ይዘህ የምትመጣ ከሆነ ግን እባክህ ቅር።» ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። አላለቀሰችም። ከዚያ በኋላ ስልክ ስትደውልና እኔ ካነሳሁት «ለእማዬ ስጣት» ብቻ ሆነ ነገሯ። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ።

ከማሰልጠኛችን አጠገብ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ሙስሊም ጎረቤት አለኝ። ለማጆቼ የሱቁን ቆርቆሮ ሁለት ጊዜ ገጭተውበታል። ሁለቱንም ጊዜ ብቅ ብሎ «አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልተጎዳም» አለና ወደ ሻዩ ተመለሰ። እኔ ብሆን አስፋልቱ ላይ ደም ይፈስ ነበር። አንድ ቀን ሄጄ ጠየቅሁት።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ምንድነው የምትወስደው? ክኒን ነው?»

ሳቀ። «ሐሙስ ሐሙስ ከወለንጪቲ ወዲያ ካሉ አንድ ሼህ ዘንድ እሄዳለሁ። ሀድራ ላይ እቀመጣለሁ። መንዙማ ይባላል፣ የፈጣሪ ስም ይጠራል፣ ዱዓ ይደረጋል። በቃ፣ እመለሳለሁ።»

«እኔንስ ያስገቡኛል?»

«ከበራቸው ማን ተመልሶ ያውቃል?» አለኝ።

ሐሙስ እስኪደርስ መታገሥ ስላልቻልኩ በማግስቱ ሱቁን አዘግቼ ይዞኝ እንዲሄድ አደረግሁት። በመንገዴ ላይ ስለ ሱፊዎች የሰማሁትን ሁሉ አስብ ነበር፤ ሼሁ በጆሮዬ አንድ የምስጢር ቃል ይነግሩኛል፣ እኔም ከንፈሬ ተገጥሞ እመለሳለሁ ብዬ ነው። ለጉዞው ስንቅ እንዲሆነኝ ወለንጪቲ ላይ ወርጄ ጥብስ በላሁ።

ሼሁ ግራር ሥር ተቀምጠው በረባሶ ጫማቸውን ሲሰፉ አገኘናቸው። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። «አካም ጅርታ?» አሉኝ፤ «ነጋ» አልኳቸው፤ ከዚያ በአማርኛ ቀጠሉ። ችግሬን ሁሉ ነገርኳቸው፣ የበሩን፣ የቮልሱን፣ የልጄን። መርፌያቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝ።

«ዛሬ ቀኑ ምንድነው?» አሉኝ ስጨርስ።

«ረቡዕ።»

«ረቡዕ የእናንተ ጾም አይደለም እንዴ?»

ከጥብሱ በኋላ የያዝኩትን ስቴኪኒ ከአፌ አወጣሁት። «አባቴ፣ እኔ እንኳ ለጾሙ ብዙም አይደለሁም። የምፈልገው የልብ ነገር ነው።»

«ልብ ከሆድ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?» አሉኝ። «የንስሐ አባት አለህ?»

«አለኝ።»

«መቼ ነው ያገኘሃቸው?»

አሰብኩ። «ልጄ ክርስትና ስትነሳ።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሃያ ስድስት።»

ለጎረቤቴ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉትና ሁለቱም ሳቁ። ምን አሉ ብዬ አፋጠጥኩት። «ይህ ሰው የራሱን ጉድጓድ ሳይቀምስ ከጎረቤት ውኃ ሊቀዳ መጣ ነው የሚሉት» አለኝ። ሼሁም ጾሜን ጾሜ እንድመጣ አዘዙኝ። ወይ ጉድ! ሱፊ ልሆን ሄጄ ረቡዕና ዓርብ ተጥሎብኝ ተመለስኩ።

ጾምኩ። ምን ላድርግ፣ ልጄ ናት። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ከሰዓት ሀድራው ላይ ተቀመጥኩ። ድቤ ይመታል፣ ይጨበጨባል፣ አንዱ ግጥሙን ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። ማጨብጨቡ ቀላል ይመስላል። አይደለም። እኔ ሁልጊዜ ከሰው ግማሽ ጭብጨባ እቀድማለሁ። ድቤ መቺው እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ሲሄድ አላስቻለኝምና፣ «ቀስ! ቀስ! ፍጥነት ቀንስ!» ብዬ ጮህኩ።

ድቤው ቆመ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሼሁ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ «ቲቸር፣ ዛሬ ፈተና የለም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢው ሰው ሁሉ ቲቸር ይለኝ ጀመር።

በኋላ ግን ሁሉም ዝግ ብለው የፈጣሪን ስም ሲጠሩ፣ አንድ ነገር መጣብኝ። ስሙን እኔ በራሴ አጠራር ነው የጠራሁት፣ ማንም እንዲህ በል አላለኝም። ሰው ሁሉ አንድ ላይ ሲተነፍስ የእኔም ትንፋሽ አብሮ ወረደ። ደረቴ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ሞተር የጠፋ መሰለኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ደስ አለኝ፣ ፈራሁም።

ስንመለስ ወለንጪቲ መውጫ ላይ አንድ ሲኖትራክ ሲያቋርጠኝ መስኮቱን አውርጄ የሰውየውን ሰባት ትውልድ ሰደብኩ። ጎረቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ይቆጥራል። «ይኸው ነው?» አለኝ። አፈርኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ይህንኑ ለሼሁ ነገርኳቸውና፣ ለእኔም እየቆጠርኩ የምደጋግመው ዚክር ይስጡኝ ብዬ ለመንኩ። አልሰጡኝም። «አንተ የምትጠራውን ታውቃለህ፣ እሱን ጥራ። ለቁጣህ ግን በእኛ ዘንድ የሚባል አለ» አሉኝ። «የተቆጣ ሰው ቆሞ እንደሆነ ይቀመጥ። አልበርድ ካለው ይጋደም።»

«በቃ?»

«ተጋድሞ ሰው የመታ አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት አንዲት የባንክ ሠራተኛ አስተምራለሁ። ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን ፍሪሲዮን ሳትረግጥ ማርሽ ትነቀንቃለች። ወደ አደባባዩ ስንጠጋ በአራተኛ ማርሽ ልትገባ ሆነ። ደሜ ፈላ፣ አፌን ከፈትኩ፣ ወዲያው የሼሁ ቃል ትዝ አለኝ። የቆመ ይቀመጥ። ተቀምጫለሁ። እንግዲህ የቀረው መጋደም ነው። የወንበሩን ማንሻ ሳብኩና በጀርባዬ ተንጋለልኩ።

ልጅቷ በዓይኗ ጠርዝ ስታይ መምህሯ የለም። ዞር ስትል ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ተጋድሜያለሁ። «ኧረ በስማም! ቲቸር ሞቱብኝ!» ብላ መሪውን ለቀቀችው። በእኔ በኩል ያለው የመምህር ፍሬን ደግሞ ተጋድመው አይደርሱበትም። መኪናው አደባባዩ ላይ ወጥቶ አበባው መሐል ቆመ። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ በመስኮት አጎንብሶ አየኝ፣ ደግሞ አየኝ፣ ከዚያም ቅጣቱ ላይ «በሥራ ሰዓት መተኛት» ብሎ ጻፈ። ልጅቷ በመጀመሪያው ፈተና አለፈች። እስከ ዛሬ «መንዳት የገባኝ ቲቸር ሲተኛ ነው» ትላለች።

ከተማው ግን ዝም አላለም። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ከሙስሊም ጎረቤቴ ጋር እንደምጠፋ ታየ። ዕቁብ ላይ አንዷ ለባለቤቴ «ባልሽ ሰለመ አሉ» ብላ አረዳቻት። ባለቤቴም «እንጃለት እቴ፣ ብቻ ድምፁ ቀንሷል» አለቻት። ወሬው ባቱ ልጄ ዘንድ ደረሰ። የንስሐ አባቴ ዘንድም ደረሰ። እሳቸው መስቀላቸውን ይዘው በእግራቸው ቤቴ መጡ።

«እውነት ነው ወይ?» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

«አልሰለምኩም አባ። እዚያ እቀመጣለሁ እንጂ።»

«ምን ያስተምሩሃል?»

«ረቡዕና ዓርብ ጹም ይሉኛል።»

«የቱን ረቡዕና ዓርብ?»

«የእኛን። ንስሐ አባትህንም ፈልግ ብለውኛል። ልመጣ ሳፍር ቆይቼ ነው።»

«ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት እኔ ስልህ ያልሰማኸውን ሼሁ ነገሩህና ሰማህ?»

«አዎ አባ።»

«አበስኩ ገበርኩ!» አሉና ተቀመጡ። ብዙ ቆይተው፣ ስለ ልጄም ሰምተው፣ እኔም ያለብኝን ተናዝዤ፣ ሲወጡ መስቀላቸውን አሳለሙኝ። በሩ ጋ ደርሰው ተመለሱ። «ቀጣይ ሐሙስ ትሄዳለህ?» አሉኝ። «እሄዳለሁ» አልኩ። «ሰላም በልልኝ» ብለው ሄዱ።

በጥቅምት ትልቁ የዓመቱ ሀድራ ደረሰ። እዚያ ላይ ክርስቲያኑም ብዙ ነው የሚመጣው፤ ስለት ያለበት የቦሰት ገበሬ፣ ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው። እኛ ሙስሊም ያረደውን አንበላም፣ እነሱም እኛ ያረድነውን አይበሉም፤ ስለዚህ ሼሁ ከጥንት ጀምሮ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ በግ ገዝተው፣ በክርስቲያን አሳርደው፣ ለብቻ ድስት ይጥዱላቸዋል። ይህን ሲያደርግ የኖረው ሰው ግን አዳሚ ቱሉ ልጁ ዘንድ ሄዷል።

«የክርስቲያኖቹን ድስት አንተ ትይዛለህ» አሉኝ ሼሁ።

«አባቴ፣ እኔ ለምስጢር ነበር የመጣሁት።»

«ሰው ቤቴ መጥቶ ሳይበላ ከሄደ ምን ምስጢር አለኝ?»

እንግዲህ እዚህ ላይ የራሴን ምስጢር ላውጣ። በዕድሜዬ ዶሮ እንኳ አርጄ አላውቅም። በዓል በመጣ ቁጥር እኔ መኪና ላሠራ እወጣለሁ፤ ባለቤቴ ዶሮዋን በክንፏ ይዛ በር ላይ ቆማ «ወንድም፣ እባክህ ባርክልኝ» እያለች አላፊ አግዳሚውን ትለምናለች። ባለቤቴ የሼሁን ትእዛዝ ስትሰማ ወጥ ለመሥራት እኔም እሄዳለሁ አለች። «ሃያ ሰባት ዓመት የሰው ባል ስለምን ኖሬያለሁ፣ ይህን ሳላይማ አልቀርም።»

እሑድ ማለዳ በጉን ወደ ምሥራቅ አዙረው አስተኙልኝ። ቢላውን ሰጡኝ። ዓይኔን ጨፈንኩና «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!» አልኩ፣ በፈሪ ድምፅ ሳይሆን በለመድኩት በፍሬን ድምፅ። በወዲያኛው በኩል በሬ የሚያርዱት ሙስሊሞች ቢላቸውን ይዘው ዞሩ። የሼሁ ፍየሎች አጥር ዘለሉ። «ቲቸር፣» አሉ ሼሁ ከግራሩ ሥር፣ «ላይ ድረስ ተሰምቷል፣ አሁን እረድ።» አረድኩ። ከዚያም ከአጥሩ ኋላ ሄጄ አስመለሰኝ።

እኩለ ቀን ላይ ወጡ ደረሰ። ሽታውን ምን ልንገራችሁ! ድስቱን ከእሳት አውርደን እንዲበርድ ግራሩ አጠገብ አስቀመጥነው። እኔ ሽርጥ ታጥቄ፣ ጭልፋ ይዤ ጎኑ ቆሜያለሁ፣ ስልሳ የሚሆን ክርስቲያን እጁን ታጥቦ ይጠብቀኛል። እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። ይህን ጊዜ በግቢው በር አንድ ሰማያዊ ቮልስ ገባ።

አወቅሁት። የኋላ መከላከያው ላይ ዛሬም የእኔ አረንጓዴ ቀለም አለ። አያትየው ናቸው፤ አጠገባቸው ልጄ ተቀምጣለች። በኋላ እንደሰማሁት፣ ሰለመ የሚባለውን አባትሽን በዓይንሽ እይው፣ አባት እያለ ያለ አባት አትዳሪም ብለው ባቱ ድረስ ሄደው ያመጧት ራሳቸው፣ እኔ የሰደብኳቸው ሰው ናቸው። በዚያ ሰዓት ግን ይህን አላውቅም። የማውቀው ጥላ ፈልገው መኪናውን ወደ ግራሩ ማዞራቸውን ብቻ ነው። ማርሹ ተንቋረረ። ወደ ኋላ መምጣት ጀመሩ።

ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበት ነው፣ የሚሆነውን ሁሉ ከመሆኑ በፊት አየሁት። ጩኸቱ ከሆዴ ተነሳ፣ ደረቴ ደረሰ፣ ጉሮሮዬ ደረሰ። ልጄ በመስኮት እያየችኝ ነው። አፌን ገጠምኩ። አያትየው ፍሬን ያሉትን ረገጡ፤ ነዳጅ ነበር። ቮልሱ በቂጡ ድስቱን «ጓ!» አደረገው። ከንጋት ጀምሮ የለፋሁበት በግ አፈር ላይ ተዘረገፈ።

ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መኪናውን ትቶ እኔን ያያል። ባለቤቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጎረቤቴ ዱዓ ያደርጋል። የፈሰሰ አይታፈስም ብዬ ልጽናና ሞከርኩ፣ እንቢ አለኝ። ቆሜ ነበርና ተቀመጥኩ፣ እዚያው ወጡ ላይ። አልበረደልኝም። ጭልፋዬን ደረቴ ላይ አድርጌ ተጋደምኩ። ጀርባዬን አንድ የጎድን አጥንት ይወጋኛል። ከላይ የግራሩ ቅርንጫፍ፣ ከዚያ በላይ ሰማይ።

የመኪና በር ተከፈተ። የሚሮጥ ጫማ ሰማሁ። «አባዬ! አባዬ!» የልጄ ፊት ከላዬ ሆነ። ያንን ፊት በቅርብ ካየሁት ስድስት ወር ሆኖኛል። «አባዬ፣ ምን ሆንክ? ምንህን ነው?»

«ምንም አልሆንኩም» አልኳት። «ተቆጥቼ ነው።»

በለሆሳስ ነበር ያልኩት። ለራሴም ድምፁ እንግዳ ሆነብኝ። ልጄ ለአፍታ አፍጥጣ አየችኝ፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት፣ ሳቁ ደግሞ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረና እንባዋ ግንባሬ ላይ ወደቀ። እኔም አለቀስኩ። በርበሬው ነው እንዳልል ወጡ ያለው ጀርባዬ ላይ ነው።

አያትየው በከዘራቸው መጥተው ከላዬ ቆሙ። «ልጄ፣ ይቅር በለኝ፣ እኔ እኮ ፍሬን የረገጥኩ መስሎኝ…»

«ጋሼ፣» አልኳቸው ከመሬት፣ «መካከለኛው ነው።»

«ምኑ?»

«ፍሬኑ። ያን ቀንም ልነግርዎ የነበረው ይህንን ነው፤ አነጋገሩን አጠፋሁት። እርስዎ ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አሉና እጄን ይዘው ሊያስነሱኝ ሲሞክሩ እሳቸውም ሊወድቁ ነበር፤ ልጄ ሁለታችንንም ደገፈችን።

ሼሁ መጥተው ድስቱን አዩ፣ ቮልሱን አዩ፣ እኔን አዩ። «ቲቸር፣» አሉኝ፣ «በእንደዚህ ያለው ላይስ ይጮኻል።» ከዚያ ሴቶቹን ቶሎ ሽሮ ሥሩ አሏቸው። ስልሳ ክርስቲያን በትልቁ ሀድራ ቀን ሽሮ በልቶ መርቆ ሄደ።

አመሻሽ ላይ ጀርባዬን ወደ ልጄ ሰጥቼ ተቀምጫለሁ፣ እሷ የደረቀውን ወጥ ከሸሚዜ ትፍቃለች። አያትየው ለመሄድ ቮልሳቸውን ሊያስነሱ ተነሱ። ግቢው ሁሉ ልጁንም ፍየሉንም ከመንገድ ይሰበስባል። ልጄ መፋቋን አቆመች።

«አባዬ፣» አለችኝ፣ «በሰርጌ ቀን የእሳቸውን መኪና ማን ያቆምላቸዋል?»

«እኔ!» አልኩ። ይኼኛው ጩኸት እስከ ወለንጪቲ ተሰምቷል፤ ፍየሎቹም እንደገና አጥር ዘለሉ።